ያበጠው ደረቅ ባትሪ

ጦርነቱ ከሐይቅ ከተማ ከራቀ ወራት ቢያልፉም መብራት ገና አልተመለሰም። ሐቢብ ሱቁ ጣሪያ ላይ ሶላር ሰቅሎ የከተማውን ስልክና ባትሪ ቻርጅ ያደርጋል። ከኢልሀም ጋር ከተግባቡ ቆይተዋል፤ ባለፈው ሳምንት ሽማግሌዎቹ አምባሰል ወጥተው ሲጠይቁለት «በሁለት ሳምንት ተመለሱ» ተብለዋል። አባቷ ሥራ ለሌለው ሰው ልጅ እንደማይሰጡ አገር ያውቃል። ሱቁ ከተዘጋ ኢልሀምም የለችም።

ሰኞ ጠዋት አንዲት ጠና ያሉ ሴት መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ስሜ ስህን ይባላል ከማለት በቀር ስለ ራሳቸው አልተናገሩም። ጥያቄያቸው ግን ማለቂያ የለውም።

«ባትሪዎቹን ለምን አራራቅካቸው?»

«ይሞቃሉ እትዬ። አየር ይፈልጋሉ።»

«በሩንስ ለምን አትዘጋም?»

«ሲሞሉ ጋዝ ያወጣሉ። እሳት ካገኘው ይፈነዳል፤ ሲጋራ የማላስገባውም ለዚህ ነው።»

ማክሰኞም መጡ። ከደንበኞቹ ጋር ሲነጋገር ዓይናቸውን ከሱ አልነቀሉም። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ፈንታሁን ሳቁ መጣ።

«አንተ የዋህ! ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ኖራ የሚቀባው ለማን መሰለህ? ሙያህን ወስደው ሊከፍቱ ነው እኮ!»

ሐቢብ ድንግጥ አለ። ክፋቱ፣ ሲደነግጥ የበለጠ ያስረዳል።

ረቡዕ ስህን በፌስታል ባትሪ ይዘው ገቡ። ጎኑ አብጦ ተሰንጥቋል።

«ቻርጅ አድርግልኝ።»

«ያበጠ አይሞላም፣ እትዬ።»

«ሌላ ሰው ይሞላልኛል!»

«ይሙላልዎት። እኔ አልነካውም።»

«ደረቅ ባትሪ አይደል እንዴ? ምን ይፈሳል ብለህ ነው?» ስንጥቁን በጣታቸው ዳበሱት።

«ደረቅ ስሙ ነው፤ ውስጡ አሲድ አለ!» ሐቢብ ዘሎ እጃቸውን ያዘ። ቀለበታቸውን አስወልቆ ጄሪካኑን ማፍሰስ ጀመረ። በአህያ የመጣ የቀኑ ውሃው ነበር። «በቃኝ» ቢሉም ሃያ ደቂቃ ሙሉ አልለቀቃቸውም፤ ዓይናቸውን ሊያሹ ሲሉም ተቆጣቸው። ከዚያ ጓንት አጥልቆ ባትሪውን ከነፌስታሉ ውጭ፣ ከሰው ራቅ አድርጎ፣ ፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አስቀመጠው።

ስህን ተነስተው ሳይመርቁት ወጡ። በወሎ አንዲት እናት ሳትመርቅ ከወጣች ነገር አለ ማለት ነው።

«ይኸው፣ የቀረችውንም ሙያ አስተማርካቸው» አለ ፈንታሁን።

«እጃቸው ይቃጠል ነበር እንዴ ታዲያ?» አለ ሐቢብ ተናዶ። በራሱም ጭምር ነበር የተናደደው።

ቀጠሮው ደርሶ ሽማግሌዎቹ እንደገና አምባሰል ወጡ። ሐቢብ ቀኑን ሙሉ ያንን ነጭ ሱቅ እያየ እህል ሳይቀምስ ዋለ። ወደ ማታ አጎቱ ሸህ ሙሐመድሁሴን ከሚኒባስ ወርደው ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሰጡን! አባቷ ሲያመነቱ፣ ‹ሦስት ቀን ሙሉ ሱቁ ተቀምጬ ፈትኜዋለሁ፤ ስጡት› ብለው የቆረጡት አክስቷ፣ ወይዘሮ ስህን ናቸው።»