ጥርት ያለው ስክሪን

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ በሙሉ «ወይዘሮ ቋጠሮ» ይላቸዋል። አንዴ የቋጠሩት አይፈታም ለማለት ነው። ልጃቸው መምህርት ናት፤ ቅጽል ስሙን መጀመሪያ የሰማችው ከተማሪዎቿ አፍ ነበር።

በሌላ ከተማ የምትኖረው ታላቅ እህቷ በቅርቡ ሴት ልጅ ወልዳለች። ሐኪም ለጊዜው ጉዞ ስለከለከላት ሕፃኗን ይዛ መምጣት አልቻለችም። ስለዚህ ለእናቷ የታብሌት መግዣ ላከችና መምህርቷን አጥብቃ አሳሰበቻት። «ጥሩውን ግዢላት። የልጄን ፊት ጥርት አድርጋ እንድታይልኝ ነው። ደግሞ እንዳትረታሽ።»

መምህርቷ ወደ ሱቅ ልትወስዳቸው ስትመጣ ቤቱ እንደ ልማዱ ጨለማ ነበር። ማብሪያውን ቀጭ ስታደርግ እናቷ ከጓዳ ሆነው «አጥፊው፤ ቆጣሪው ይሮጣል» አሏት።

የስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሷል። ሥራ መቀበል ከተዉ ከርመዋል፤ ደንበኛው ሁሉ ዋጋ ሰባሪ ሆነ ይላሉ። መጨረሻ ላይ የሰፉላት ቀሚስ በአንድ ወገን አጥሮ ነበር የወጣው። ጨርቅ ቆጥበው ነው ብላ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀብራዋለች። ቤቱን አከራይተው ከእሷ ጋር እንዲኖሩ በጠየቀቻቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፤ በሬን ራሴ እስከከፈትኩ ድረስ የትም አልሄድም።

መንገድ ላይ ክንዷን ጥብቅ አድርገው ያዙ። ከጎረቤታቸው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ጎረቤቲቱ ፈገግ ብላ አንገቷን ደፋ ስታደርግ ልብስ ሰፊዋ እንደ ግንድ አለፏት። ነገ ስኳር ልትበደር እንዳትመጣ ነው ስትል መምህርቷ በሆዷ አማቻቸው። አንገቷን ለሁለት ሰው የሚሆን ያህል ደፋች።

የሱቁ መብራት ዓይን ያጭበረብራል። ሻጩ የመምህርቷ የቀድሞ ተማሪ ሆኖ ተገኘ። «ቲቸር!» ብሎ ሊጨብጣት ጎንበስ ሲል ዓይኑ ልብስ ሰፊዋ እግር ላይ ቀረ። መምህርቷም ዓይኑን ተከትላ አየች። የግራው ጫማ ጥቁር፣ የቀኙ ቡናማ ነበር።

ፊቷ በርበሬ መሰለ። «እማዬ፣ ጫማሽ የየብቻው ነው እኮ» አለች በሹክሹክታ።

ልብስ ሰፊዋ እግራቸውን ወደ ቀሚሳቸው ሥር ሳብ አደረጉ። «ታዲያ ምን ይሁን? ያልተቀደደ ጫማ ይጣላል እንዴ?»

ሻጩ ከንፈሩን ነክሶ ሁለት ታብሌቶች ጎን ለጎን አስቀመጠ። ዋጋቸው አይገናኝም። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የአበባ ፎቶ ከፈተ። በርካሹ ላይ አበባው እንደታጠበ ጨርቅ ደብዝዟል፤ በውዱ ላይ ጤዛው ሳይቀር ይታያል። እማማ ራሳቸው እንዲፈርዱ ጠየቃቸው።

ልብስ ሰፊዋ ስለ አበባው ምንም አላሉም። የታብሌቶቹን ጠርዝ እንደ ጨርቅ በሁለት ጣት አሸት አሸት አደረጉ። ጀርባቸውን ማሰሮ እንደሚገዛ ሰው አንኳኩ። ድምፅ አስከፍተው በየተራ ጆሯቸው ላይ ለጠፏቸው። ርካሹ ፊቱ ላይ አበጥ ያለ ቁልፍ አለው፤ እሱን ደጋግመው ተጫኑት። ውዱ ሙልጭ ያለ መስታወት ነው።

«ለእናትህ ብትገዛ የትኛውን ትገዛ ነበር፣ ልጄ?»

«ውዱን ነዋ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ሌላውን ስጠኝ።»

ሻጩ ሳቀ። ከኋላ ተራ የሚጠብቁት ባልና ሚስትም ሳቁ። መምህርቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ታብሌቱ የእህቷ ስጦታ መሆኑን፣ ከእሳቸው ኪስ ምንም እንደማይወጣ አስረዳች። እናትየው ንቅንቅ አላሉም። ርካሹ ድምፁ ጎላ ይላል፣ ቁልፉም ለእጅ ይመቻል፣ ምስሉ እንደሆነ ለእሳቸው ሁለቱም አንድ ነው።

«ለልጅ ልጅሽ ፊት እንኳን ትሰስቻለሽ?» አለች መምህርቷ። ድምፅዋን ዝቅ ማድረጓ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማ። «ሰው ይታዘበናል፣ እማዬ።»

የልብስ ሰፊዋ ጣት አበጥ ያለው ቁልፍ ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«እሺ፤ ውዱ ይሁን» አሉ። «በእኔስ አትፈሪ።»

ሻጩ የሚከፈተውን አካውንት ከፍቶ፣ ባትሪው ሊያልቅ መሆኑን ነግሮ አስረከባቸው። መምህርቷ ሱቅ ውስጥ ስለተናገረችው ይቅርታ ልትል እያሰበች ቤት ደረሱ።

አምፖሉን አበራች። ዛሬ ስለ ቆጣሪው ያነሳ የለም። ታብሌቱ እስኪከፈት ብላ ጎኑን ተጫነችና እናቷ ጭን ላይ አኖረችው። ወዲያው ሶኬት ፍለጋ ጀርባዋን ሰጥታ ከስፌት መኪናው ሥር ተንበረከከች።

ስልኳ ጠራ። እህቷ ናት። ድምፁን ከፍ አድርጋ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ ፎቶዋን ልኬልሻለሁ። ታብሌቱ ላይ ታየችሽ?»

«ወይ የኔ ዓለም!» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «አየኋት እንጂ። እንዴት ጥርት ብላለች! አፍንጫዋ ቁርጥ ያንቺ። ሳቋን ተመልከቺልኝ ደግሞ። እህትሽ እውነቷን ነው፣ ውዱን መግዛታችን ደግ ሆነ። እኔ ነኝ በከንቱ ያሳፈርኳት።»

እህትየው ከወዲያ ማዶ ሳቀች፤ ከዚያ እንባ ተናነቃት። መምህርቷም ከመኪናው ሥር እንዳለች ፈገግ አለች። ከሱቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል አላት።

ሶኬቱን አገኘችው። የቻርጀሩን ጫፍ ይዛ ዞረች።

ታብሌቱ አልበራም ነበር፤ እናቷ በሁለት እጃቸው ወደ ፊታቸው አስጠግተው በያዙት ጥቁር መስታወት ላይ የሚታየው የራሳቸው ፊት ብቻ ነበር።