ንጋት የማያይ ዶሮ

በዚያ ክረምት ፈንግል የሰፈሩን ዶሮ ጨረሰ። ጎረቤቴ ዘርትሁን የተረፋትን አንድ አውራ ዶሮ ለዘር አበደረችኝ። እሱም ሞተብኝ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ አዲሶቹ የሥጋ ዶሮዎች መጡ። አንዱ ዘር በሳምንት ይደርሳል፤ ሌላው ጠዋት ተፈልፍሎ ማታ ይታረዳል። ቀለብ ስለማይፈጅ የሚያተርፈው ይኸኛው ነው። እሱኑ ለዕዳዬ ብዬ ለዘርትሁን ይዤላት ሄድኩ።

«ይጮኻል?» አለችኝ።

«ንጋት አይቶ አያውቅም።»

«አያ ካሴ፣ እኔ ያበደርኩህ ለኪዳን የሚቀሰቅሰኝን ነው! ይኸው እስከ ዛሬ ኪዳን ያመልጠኛል።»

ስንከራከር ዶሮው እጄ ላይ አርጅቶ ሞተ።

ከሳምንቱ ዘር አንዱን ሳላርድ አቆየሁ። ስድስት ወር ጎተራዬን አራቆተ። ጥጃ ሲያክል በገመድ ጎትቼ ወሰድኩላት።

ጎሕ ሲቀድ ደጃፏ ላይ ጮኸ። ሰፈርተኛው በሙሉ ብርግግ ብሎ ወጣ።

ዘርትሁን ነጠላዋን አጣፍታ ገመዱን ተቀበለችኝ።

«ዕዳህ ወረደልህ» ብላኝ ወደ ኪዳን ሄደች።