የሒሳብ መምህሩ አልመጣም

ጭምቱ ኮሌጅ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ጠፋ። አንዴ ቤተ መጻሕፍት ነው ብሎ ዘው ያለበት ቤት ወጥ ቤት ሆኖ ተገኘ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ምሳ ሊበላ የተሰለፈው የክትባት ሰልፍ ላይ ነበር። ተሳስቻለሁ ብሎ መውጣቱ አሳፈረውና ክንዱን ተወግቶ፣ ምሳውን ሳይበላ ተመለሰ። ጭምቱ የሚለው ስም የወጣለት በኋላ ቢሆንም ልክክ ስላለበት ከአሁኑ እንጥራው።

ፊቱ የልጅ ነው፤ ቁመቱም ብዙ አያስመካም። የበሩ ዘበኛ ሲሮጥ ባየው ቁጥር «ቀስ በል ልጄ፣ ትምህርት የትም አይሄድብህም» ይለዋል። ኮሌጁ የሰጠው ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ አልዘጋም ያለ መስኮት አለው።

የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊዋ ገና ሲቀበሉት ቢሯቸው አስቀምጠው፣ «ክፉው የመጀመሪያው ዓመት ነው። እሱን ያለፈ እዚሁ ያረጃል፤ ያቃተው ሻንጣውን ይዞ እናቱ ቤት ይገባል» ብለውታል። እናቱ ቤት መመለስ ደግሞ ለጭምቱ ከሞት አይሻልም። እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። ልኬት ልትወስድ ሜትር ያዞረችበት ሰው ሁሉ፣ ልጇ ኮሌጅ መግባቱን ሳይሰማ ከእጇ አይወጣም።

ለመጀመሪያው የሒሳብ ክፍለ ጊዜ መጽሐፉን ሲያነብ አደረ። ጠዋት በሩ ላይ ሲደርስ የክፍሉ ዓይን በሙሉ ወደ እሱ ዞረ። ትንፋሼ እስኪመለስ ብሎ የኋላው ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

አጠገቡ የነበረች ባለመነጽር ልጅ ዞር አለች።

«አንተም አዲስ ነህ?»

«አዎ፣ አዲስ ነኝ።»

«እፎይ። የምንቀጠቀጠው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

ሰዓቱ ደረሰ፤ መምህሩ አልመጣም። ትንሽ ጠበቁ፤ ደግሞ ጠበቁ። ከዚያ ተማሪው ደስታውን መደበቅ እያቃተው ተግተልትሎ ወጣ። ጭምቱም አብሮ ወጣ።

በማግስቱም ያው ሆነ። ሳምንቱም እንዲሁ አለቀ።

መምህሩ የካፍቴሪያ ወሬ ሆነ። አንዱ ውጭ አገር ሄዷል አለ፤ ሌላው መጠጥ አይለቀውም አለ። ከፊት ወንበር የማይጠፋ አንድ ወፍራም ልጅ ግን ሰውየውን በዓይኔ አይቼዋለሁ ባይ ነው። «ሽማግሌ ነው። ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዷል፤ ቁጣው አያድርስ» አላቸው።

ጭምቱን ሻዩ ትን አለው።

«ምናልባት ፈርቶ ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ።

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። «መምህር ምን ያስፈራዋል? እንበላዋለን እንዴ?» አለች ባለመነጽሯ። ፈሪ ሰው አገሩ ሁሉ እንደሱ ይመስለዋል። ስሙም የወጣለት ያን ዕለት ነው።

እሑድ እናቱ ደወለች።

«ክፍሉን ለመድከው?»

«እየለመድኩ ነው።»

«ተናገርክ?»

«ገና ነኝ።»

«ያን ሁሉ ለፍተህ እዚያ የደረስከው አፍህን ዘግተህ ልትቀመጥ ነው? ልጆቹ አይውጡህ። ነገ ካልተናገርክ መጥቼ አጠገብህ እቀመጣለሁ።»

ትመጣለች፤ እሱን ነው የፈራው። ስልኩን ሲዘጋ ቤቱ ናፈቀው፤ ከሁሉ በላይ ግን በራሱ አፈረ።

በነጋታውም አልተናገረም፤ ለእናቱ ግን ተናገርኩ አላት። ቀን በቆየ ቁጥር መናገሩ ይብስ ከበደው፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት። አንድ ከሰዓት ግን ባለመነጽሯ የመጀመሪያው ምዕራፍ አልገባ ብሏት ልታለቅስ ስትደርስ አሳዘነችው። ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር አስቀምጦ አንድ ጥያቄ ሠራላት። ለአንድ ሰው ሲሆን ምላሱ አይታሰርም። በማግስቱ ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ መጣች። ቀጥሎ ወፍራሙ ልጅ መጣ። እያለ እያለ ከክፍሉ ግማሹ ዛፉ ሥር መሰብሰብ ጀመረ። ሰው የበዛው አንድ በአንድ ስለነበር ጭምቱ መፍራቱን ረሳው። ድምፁ ወጣ፣ እጁ ተፍታታ፣ እንዲያውም አንዳንዴ ይቀልድ ጀመር።

«መምህሩ ቢቀርስ፣ አንተ አለህልን» ይሉታል።

ይስቃል። ማታ ግን እንቅልፍ የለውም።

ፈተና ሲቃረብ ክፍሉ ለኃላፊዋ አቤት እንበል ብሎ መከረ።

«ተዉት» አለ ጭምቱ። «ሰውየውን ከሥራ ታስወጡታላችሁ።»

«ይውጣ እንጂ» አለች ባለመነጽሯ። «ለማታውቀው ሰው ጥብቅና ትቆማለህ? ደግነትህ በዛ። እንዲያውም ተወካያችን አንተ ነህ።»

እምቢ አለ። ባለመነጽሯ ክንዱን ጨምድዳ ይዛ ጎተተችው፤ ሌሎቹ ከኋላ ገፉት። ደረጃውን ሲወጡ በሐሳቡ የሚታየው ሻንጣው ነበር፤ ቀጥሎ የእናቱ ፊት። ለደንበኞቿ ምን ትላለች?

ኃላፊዋ ከወረቀታቸው ቀና አሉ። ሁሉም ጭምቱን ጠበቁ። እሱ ግን ወደ በሩ ዞረ። ባለመነጽሯ መረራትና፣ ያመልጠኛል ብላ ክንዱን ሳትለቅ፣ ራሷ ጀመረች።

«የሒሳብ መምህራችን ትምህርት ከተጀመረ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አያውቅም። ይሄ ጓደኛችን ባያስረዳን ኖሮ ሁላችንም አልቆልን ነበር። መምህሩ የት እንዳለ እርስዎ ይንገሩን።»

ኃላፊዋ ብዕራቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«የሒሳብ መምህራችሁማ» አሉ፣ «ክንዱን ጨምድደሽ የያዝሽው ሰው ነው።»