የቤተሰብ ትኬት

ባቡሩ በቆመ ቁጥር ሴትዮዋ ብድግ እያለች የጣቢያውን ስም በብጣሽ ወረቀት ላይ ከተጻፈላት ጋር ታስተያያለች። የአባቷ ቀብር በስምንት ሰዓት ነው። በሦስት ዓመቷ ጥሏት ከአገር የወጣውን አባት በሕይወት አላገኘችውም፤ አፈር እንኳ ላልብሰው ብላ ነው ጀርመን ድረስ የመጣችው።

ተቆጣጣሪው ትኬቷን አገላብጦ ራሱን ነቀነቀ። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሐበሻ አስተረጎመላት።

«እትዬ፣ ትኬትዎ የዝግተኛው ባቡር ነው፤ ይሄ ፈጣኑ ነው። በሚቀጥለው ጣቢያ ይውረዱ ይላል።»

«በስመ አብ! ከወረድኩማ ቀብሩ አመለጠኝ! ለምንልኝ ወንድሜ፣ በወላዲቷ!»

ሰውየው የያዘው የቤተሰብ ትኬት ነበር፤ ሚስቱ በመጨረሻ ሰዓት ታማ ቀርታለች። ጥቂት አመነታና በጀርመንኛ፣ «እህቴ ናት፤ በኔ ትኬት ነው የምትሄደው» አለ።

ተቆጣጣሪው አላመነም፤ ፓስፖርታቸውን ጠየቀ። ሰውየው «አሁን ተበላን!» ብሎ አቀረቀረ። እሷ ምን እንደተባለ ሳይገባት ታማትባለች።

ተቆጣጣሪው ሁለቱን ፓስፖርቶች ጎን ለጎን ይዞ፣ ጣቱን በስሞቹ ላይ እያስኬደ አነበበ። ከዚያ ይቅርታ ጠይቆ መለሰላቸውና አለፈ።

«እልልል! ምን ብለኸው ነው የማረኝ?»

ሰውየው ፓስፖርቶቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የአባቷን ስም አነበበ፤ ቀጥሎ የአያቷን። ከዚያ የራሱን። ደግሞ ተመልሶ የእሷን።

«እትዬ» አላት በመጨረሻ፣ «እኔም እዚያው ቀብር ነው የምሄደው።»