ዋስ የሚጠይቅ ማቀዝቀዣ

«ነጥብዎ አይበቃም» አለኝ ማቀዝቀዣው። በገዛ ቤቴ!

ይሉኝታ ይዞኝ ለጎረቤቴ ለአቶ ደምሰው የባንክ ብድር ዋስ ሆኜ ነበር። እሳቸው ብድራቸውን ሲያዘገዩ የኔም የታማኝነት ነጥብ አብሮ ወረደ፤ ማቀዝቀዣውም የሚከፈተው በዚሁ ነጥብ ነው። በኋላ ከፍለው ጨረሱ፤ መዝገቤ ግን ዛሬም «አልተከፈለም» ይላል።

«ስህተት ነው አልኩህ እኮ! አርምልኝ!» ብዬ ማቀዝቀዣው ላይ ጮህኩ።

«አቤቱታ ለማቅረብም ነጥብዎ አይበቃም።»

በሩን በእርግጫ አልኩትና ሳሎን ገብቼ ተቀመጥኩ።

ትንሿ ልጄ ምዕራፍ ወተት በብርጭቆ ይዛልኝ መጣች።

«እንዴት ከፈተልሽ?»

«ለእናትሽ ዋስ ትሆኛለሽ ወይ አለኝ። እሺ አልኩት።»

ብርጭቆውን ነጥቄ ልመልሰው ወደ ኩሽና ሮጥኩ። ምዕራፍ ተከትላኝ መጣችና እንደ ልማዷ እጇን በማቀዝቀዣው በር ላይ አደረገች።

«ነጥብሽ አይበቃም» አላት።