የሜትሩ ጫፍ

ኅዳር 5 ቀን 1988 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የወረዳው ኮሚቴ ላፍቶ ያለውን እርሻችንን ሊለካ መጣ። እርሻው ለመኖሪያ ቤት ሊሸነሸን ነበር። ይዞታችን ቦዩ ጋ የሚያበቃ ከሆነ አዲሱ መንገድ በቤታችን ላይ ያልፋል፤ ባሕር ዛፎቹ ድረስ ከሄደ ግን ቤቱ ይተርፋል። ዛፎቹን የተከላቸው ወንድሜ ሚሳኤል ነው። ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከቀበርነው ገና አርባው አልወጣም ነበር።

“ዛፎቹን የተከለው ልጄ ነው” አለች እናቴ።

“የሞተ ሰው ወሰን አያሳይም፣ እማማ” አሉ ሰብሳቢው አቶ ኢያቄም።

ጎረቤታችን አህመድ የሜትሩን ጫፍ ቦዩ ዳር ወስዶ ድንጋይ ጫነበትና ተመልሶ አጠገባችን ቆመ። ጥቅልሉን የያዘው የኮሚቴው መሐንዲስ ሊያነብ ጎንበስ ሲል ሜትሩ ከእጁ ላይ መተርተር ጀመረ። ቦዩን ተሻግሮ ዛፎቹ መሃል ገባና ተወጥሮ ቆመ።

“ማነው የሚጎትተው?” ሲሉ ጮኹ አቶ ኢያቄም።

“ነፋስ ይሆን እንዴ?” አለ አህመድ። ለመሳቅ ሞክሮ ተወው። ሄዶ ዛፎቹን ዞረና ከዚያው ሆኖ “ኧረ ማንም የለም!” አለን።

መሐንዲሱ ሜትሩን በሁለት እጁ ሳበው። ከወዲያ በኩል የያዘው መልሶ ሳበው።

እናቴ ነጠላዋን አጣፋች። “አጥብቀህ ያዝ፣ ልጄ” አለች።

“ይዣለሁ፣ እማዬ።”

ከዛፎቹ መሃል የሚሳኤልን ድምፅ ሁላችንም ሰማን። አቶ ኢያቄም ሜትሩን በቢላ ቆርጠው፣ ሌላውን ጫፍ ሳይወስዱ ሄዱ።

ቤታችን ተረፈ። መንገዱ ዛፎቹ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፤ ባሕር ዛፎቹን ደፍሮ የሚቆርጥ ሰው እስካሁን አልተገኘም።