ቀስቷ እንዳትነሳ

«ሰባት ጊዜ ስምንት፣ ሃምሳ ስድስት» እላለሁ በሆዴ። እናቴ በሩ ጋ ደርሳለች።

ባለቆጣሪው ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ የጨረር መቁጠሪያውን ቀስት ያያል፤ አውራ ጣቱን ያነሳልኛል። ቀስቷ ከቀዩ መስመር በታች ከቆየች፣ ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ መስታወት እንገናኛለን። ካለፈች ደወል ይጮኻል፣ ሕንፃው ባዶ ይሆናል።

የኔ ጨረር ጉደኛ ነው። የኑክሌር ጣቢያው የፈነዳ ቀን ሌላውን ሰው አቃጠለ፣ የእኔ አጥንት ውስጥ ግን ገብቶ ቤት ሠራ፣ ጉልበትም ሰጠኝ። ድልድይ ሳነሳ፣ ባቡር በእጄ ሳቆም ጸጥ ይላል። የሚነሳው የምወደውን ሰው ሳይ ነው። ባለቆጣሪው እንዳስረዳኝ፣ ልቤ ሲሞቅ አጥንቴ ይሞቃል፣ አጥንቴ ሲሞቅ ጨረሩ ይወጣል። የማላውቀውን ሰው ተሸክሜ ከእሳት ባወጣ ምንም አይሆንም። አጠገቤ መቆም የማይችለው የራሴ ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ለጠላትም አይስጥ!

ስለዚህ ተለማመድኩ። የእናቴን ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ ምንም እስከማይሰማኝ ድረስ ሳፈጥበት ከረምኩ። አሁን የማንም ሴትዮ ፎቶ ሆኖልኛል። ልቤ ሊሞቅ ሲል ደግሞ ቁጥር አባዛለሁ።

በሩ ይከፈታል። እናቴ ቁመቷ አጥሯል።

«አንቺ!» ትላለች ገና ሳትገባ። «ድልድይ የምታነሳ ልጅ ማበጠሪያ ማንሳት አቃታት?»

ስምንት ጊዜ ዘጠኝ፣ ሰባ ሁለት። ሳቄን እውጠዋለሁ።

«እንደምን ነሽ እማ» እላለሁ፣ ወረፋ ላይ እንዳገኘኋት ሁሉ።

ታቅፈኛለች። አንገቷ ያው ነው፣ ሳሙናዋም ያው። ዘጠኝ ጊዜ ዘጠኝ፣ ሰማንያ አንድ። እጄን ጀርባዋ ላይ አሳርፌ ጣራ ጣራውን አያለሁ። አጥብቃ ትይዘኛለች፣ እኔ አልይዛትም።

«ከፋሽ እንዴ የኔ እናት?» ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ታየኛለች።

«ደህና ነኝ።»

«አልናፈቅኩሽም?»

«ሥራ ይበዛል።»

እጆቿ ይወርዳሉ። «በይ እሺ፣ ክፉ አይንካሽ» ትልና ቦርሳዋን ታነሳለች። ጨረር የማያሳልፈው የእርሳስ በር ከኋላዋ ይዘጋል።

ጆሮዬም እንደ ክንዴ ነው፤ ግድግዳ አያግደውም። ኮሪደሩ ላይ ባለቆጣሪውን ስትጠይቀው እሰማለሁ።

«ልጄ፣ የምትወደው ሰው ሲመጣ ጨረሯ ይነሳል ብለኸኝ አልነበር?»

«አዎ እማማ! እንኳን ደስ ያለዎት፣ ንቅንቅ አላለም!» ምስኪን፣ ያስደሰታት መስሎታል።

«ትንሽም?»

«ትንሽም!»

 እናቴ ቀስ ብላ «ይሁን» ትላለች፤ «እሷ ብቻ ትኑርልኝ።»

 ሰባት ጊዜ ስምንት... ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነበር? ጠፋብኝ። «እማ!» ብዬ እጮኻለሁ። እርሳሱ የኔን ድምፅ አያሳልፍም። «እማዬ!»

ደወሉ ጮኸ።

«ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!» ይላል ባለቆጣሪው። በመስታወቱ አሻግሬ አያቸዋለሁ፤ ነጭ ለባሹ ሠራተኛ ሁሉ እየተጋፋ ወደ ደረጃው ይሮጣል። አንድ ጠባቂ የእናቴን ክንድ ይጎትታል።

«ምንድነው የሚጮኸው?» ትለዋለች።

«የልጅዎ ነው! ቀስቷ ከቀዩ አልፋለች! ይሮጡ እንጂ እማማ!»

እናቴ ክንዷን መንጭቃ ታስለቅቃለች።

«ቆይ እስቲ» ትለዋለች፣ «ልስማው።»